«በእግዜር» የማይል እንግዳ

ዛሬ ጠዋት ለአንድ የቀለም ማስታወቂያ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ።

እግሬን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክሬ፣ ጥፍር መቁረጫዬን ይዤ ተቀምጫለሁ። ላፕቶፑ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ አንድ የእርሻ ቪዲዮ ያሰማኛል። ድንገት ወፍራም የወንድ ድምፅ «ጤና ይስጥልኝ!» ሲል እኔም «ኖር!» ብዬ ብድግ። ሳፋው ተገለበጠ፤ ውሃው አልጋው ሥር ገባ፤ ነጠላ ጫማዬም እንደ ታንኳ ተከትሎት ሄደ። ሰውየው «በእግዜር» አላለኝም። የቤትዎ ግድግዳ ቀለም ያስፈልገዋል አለኝ። ቀና ብዬ ግድግዳውን አየሁት። መቼም እውነት እውነት ነው፣ ያስፈልገዋል።

ሰባ ስድስት ዓመት የሞላው ሽማግሌ ባዶ ቤት ውስጥ ለቀለም ሻጭ ሲነሣ ያየ ጎረቤት ባለመኖሩ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ። ወለሉን እየወለወልኩ በራሴ መሳቅ ጀመርኩ፤ መጨረስ ግን አቃተኝ። በዚህ ቤት ለማስታወቂያ መነሣት የእኔ ሥራ አልነበረም። የባለቤቴ ነበር።

ባለቤቴ የተፍኪ ገበሬ ልጅ ነበረች፤ ክረምት ሲገባ ውሃ የሚተኛበት፣ ጥቁር አፈሩ ጫማ የሚያስወልቅበት ሜዳ ላይ ያደገች። እኔ ደግሞ ሰበታ፣ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በር ላይ ቁጭ ብዬ የሚገባና የሚወጣውን ሰው ስመዘግብ ሠላሳ ዓመት ኖሬያለሁ። የተገናኘነውም እዚያው በር ላይ ነው። ሥራ ልትጠይቅ መጥታ ወረቀት ስላልያዘች አላስገባም አልኳት። «እንግዳ በር ላይ የሚያቆም ሰው እናት አላሳደገችውም» ብላኝ ሄደች። በማግሥቱ ወረቀቷን ይዛ ስትመጣ ራሴ ከወንበሬ ተነሥቼ በሩን ከፈትኩላት። ተጋባን። ያን ስድቧን ግን እስከ መጨረሻው አላነሣችልኝም።

መርሳት የጀመረችው ጥቂት በጥቂት ነው። መጀመሪያ ድስት እሳት ላይ ረሳች፤ ቀጥላ ከገበያ ወደ ቤት የሚያመጣውን መንገድ፤ ቀጥላ የልጅ ልጆቿን። አማርኛዋ እየሳሳ ሄዶ ኦሮምኛዋ ብቻ እንዳማረበት ቀረ። እኔን የረሳችኝ ወደ መጨረሻው ነው፤ ይህን እንደ ሹመት እቆጥረዋለሁ። አንድ ጠዋት «አንቱ የማን ቤት ሰው ነዎት?» አለችኝ። ዕድሜ ልኳን አንተ ስትለኝ የኖረች ሴት፣ ማንነቴ ሲጠፋት ጊዜ አከበረችኝ።

እንግዳ ሲመጣ መነሣትን ግን አልረሳችም። እሱ ጭንቅላቷ ውስጥ ሳይሆን ጉልበቷ ውስጥ የተቀመጠ ነገር ነበር መሰለኝ። ሰው ድምፁን አሰምቶ ሲገባ «ኖር» ብላ ትነሣለች፤ ገቢው «በእግዜር» እስኪላት ቆማ ትጠብቃለች። ጉልበቷ ግን የድሮው አልነበረም። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ «አጥንታቸው እንደ ደረቅ ሸንኮራ ሆኗል። ብቻቸውን እንዳይነሡ። አንድ ጊዜ ከወደቁ መመለሻ የለውም» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዚህ ቤት ሕግ አንድ ብቻ ሆነ፤ እሷ ብቻዋን እንዳትነሣ።

ክፉው ሰዓት ከምሳ በኋላ ነው። ያኔ «ቤቴ ልሂድ» ማለት ትጀምራለች። ቤትሽ ነው ብላት አታምነኝም። ነጠላዋን ትፈልጋለች፣ በሩን ታያለች። በዚህ መሃል ነው ያንን ቪዲዮ ያገኘሁት። አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ አንድ ገበሬ በጥንድ በሬ ሲያርስ ከአንድ ሰዓት በላይ ቀርፆ ኢንተርኔት ላይ ጭኖታል። ሙዚቃ የለበት፣ ወሬ የለበት። ጅራፍ፣ ፉጨት፣ ገበሬው በኦሮምኛ በሬዎቹን ሲቆጣና ሲያባብል፣ የእንስሶቹ ትንፋሽ፤ በቃ። ባለቤቴ ድምፁን ስትሰማ እጇን ጉልበቷ ላይ አሳርፋ ጸጥ አለች። «አባቴ ናቸው» አለች። ማሳው ታርሶ እስኪያልቅ ከወንበሯ ንቅንቅ አላለችም። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከምሳ በኋላ አባቷ ያርሱልን ጀመር።

በስልኬ ነበር የምከፍትላት። ሰነባብቶ ግን ስልኩ በየአሥር ደቂቃው ማስታወቂያ ያስገባ ጀመር። የመጀመሪያዋ እንግዳ የፓስታ ሻጭ ነበረች። «ጤና ይስጥልኝ እናቶች!» ብላ ገባች። ባለቤቴ ትከሻዬን ተደግፋ ተነሣች። «ኖር! ሴና፣ ታኣ!» አለች፤ ግቡ፣ ተቀመጡ ማለቷ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣

«ምን ትገተራለህ? ወንበር አምጣ እንጂ!»

እኔ ምን የመሰለ ሞኝ! ወንበር አምጥቼ ስልኩ ፊት አስቀመጥኩ። «ቤተሰብ ደህና ነው ወይ?» ብዬም ጠየቅሁ።

«ለምንድነው በእግዜር የማትለው?» አለችኝ ባለቤቴ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«አዲስ አበባ ያደገች ናት።»

«አይፈረድባትም» ብላ ተቀመጠች።

ያን ቀን እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። በሣምንቱ ወጥ ቤት ሽንኩርት ስከትፍ አንድ ሌላ ማስታወቂያ ገባ። ስደርስ መጋረጃውን ይዛ ቆማለች፤ የመጋረጃው ብረት ከነምስማሩ ተነቅሎ መጥቷል፤ እሷም አብራው እየመጣች ነበር። ያዝኳት። እጄ ላይ ልቧ እንደ ጫጩት ልብ ሲመታ ተሰማኝ። ያን ቀን አልሳቅሁም። በማግሥቱ ጎረቤቴን እንድትጠብቃት ለምኜ ወደ ቡራዩ ሄድኩ።

ቡራዩ አንዲት ኮምፒውተር ጠጋኝ አለች፤ ሠላሳዎቹን ያጋመሰች የልጆች እናት። አባቷ ከፋብሪካችን ጣቃ እየገዙ የሚያከፋፍሉ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ በእኔ በር ነው የሚያልፉት፣ ረመዳን ሲመጣ ተምር ሳይሰጡኝ አያልፉም። እሳቸው ሲያርፉ ልጅቱ የጨርቁን መደርደሪያ ኮምፒውተር ሞላችበት።

«ስልኩ ላይ አይሆንልዎትም አባባ» አለችኝ። «አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ልስጥዎትና ብራውዘሩ ላይ አድ ብሎከር ልጫንልዎት።»

«ምንድነው እሱ?»

«ብራውዘሩ ላይ የምትቀጠል ትንሽ ነገር ናት፤ ኤክስቴንሽን እንላታለን። ማስታወቂያ ሊገባ ሲል በር ላይ ትመልሰዋለች።»

«የእኔን እንጀራ ነዋ የያዘችው!»

«እርስዎ ተምር ይቀበሉ ነበር፤ እሷ አትቀበልም» አለች። አፏ በአባቷ ወጥቷል።

እየጫነችልኝ ሳለ «ግን አባባ፣ ማስታወቂያ እንዲህ ያስመረረዎት ምን ቢያደርግዎት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሱቁ ውስጥ ሦስት ሰው አለ። እውነቱን መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። ባለቤቴ ትረሳለች፣ ለእያንዳንዱ ድምፅ ትነሣለች፣ ከወደቀች አለቀልኝ፤ ይህችው ናት፣ ትንፋሽ አታስጨርስም። አፌ ግን የለመደውን ተናገረ። «ማስታወቂያው ላይ ያሉትን ቆነጃጅት እያየሁ ሚስቴን እንዳልፈታ ፈርቼ ነው» አልኩ። ሦስቱም ሳቁ፤ እሷም ሳቀች፤ እኔም የሚስቴን ገመና ሸፈንኩ ብዬ ደስ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለ እንግዳ ኖርን። በብራውዘሩ ጥግ አንዲት ትንሽ ምልክት አለች፤ የመለሰቻቸውን ማስታወቂያዎች ቁጥር እዚያው ትጽፋለች። ሠላሳ ዓመት በር ጠብቄ እንዲህ ያለ ጎበዝ ባልደረባ አላየሁም። ሻይ አትጠይቅ፣ ዘመድ አታስገባ። ባለቤቴ ከምሳ በኋላ ትቀመጣለች፣ አባቷ ያርሳሉ፣ ፉጨቱ መሃል ላይ ማንም አይገባም። እኔም አጠገቧ አንቀላፋለሁ። ማን እንደሆንኩ ባታውቅም አንዳንድ ቀን ነጠላዋን ጉልበቴ ላይ ትጥልልኝ ነበር።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ጠዋት ብራውዘሩን ስከፍት ጽሑፍ ወጣ፤ ይህ ኤክስቴንሽን በቅርቡ ድጋፍ ሊቋረጥበት ይችላል የሚል። እንግሊዝኛ ነው፤ ቀስ ብዬ ካየሁት አያመልጠኝም። ቡራዩ ደወልኩ።

«አዎ አባባ፣ ሌሎችም ደውለውልኛል» አለች። «የብራውዘሩ ሠሪዎች አሠራራቸውን እየቀየሩ ነው። እንደ እርስዎ ማገጃ ያሉትን የድሮ ኤክስቴንሽኖች ከእንግዲህ አያሠሯቸውም።»

«ዘበኛዬን ጡረታ ሊያስወጡብኝ?»

«እንደዚያ በሉት። ግን አንድ ነገር ይስሙኝ። አስወግድ የሚል ቁልፍ ይመጣል፤ እሱን እንዳይጫኑ። ላፕቶፑን ያምጡልኝ። እነዚህን አሁንም የሚደግፍ ሌላ ብራውዘር አለ፤ እሱን እጭንልዎትና ማገጃዋን እዚያ አስገባታለሁ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅብኝም።»

«ነገ እመጣለሁ።»

«የእርስዎ ነገ ስንት ቀን ነው?»

«ዝናቡ ያውቃል።»

ዝናቡ አወቀ። ከሰበታ ቡራዩ በአየር ጤና በኩል ሦስት ታክሲ ነው፤ ጭቃው፣ ሰልፉ፣ ጎረቤት መለመኑ። ዛሬ ነገ ስል ከረምኩ። ጽሑፉ ጠዋት ጠዋት ይመጣል፣ እኔም ጠዋት ጠዋት እዘጋዋለሁ። አንድ ቀን ግን መልኩን ለውጦ መጣ። ማገጃዋ ድጋፍ ስለተቋረጠባት ከሥራ ታግዳለች አለኝ፤ ከሥሩም ሁለት ምርጫ ሰጠኝ። አንዱ ለጊዜው ትቆይ ይላል፣ በደብዛዛ ፊደል። ሌላው አስወግድ ይላል፤ ሰማያዊ ሆኖ፣ ደምቆ፣ እንደ ማኅተም።

አላወቅሁም አልልም። የልጅቱ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ነገር ግን ከዋናው መሥሪያ ቤት ማኅተም ያለበት ወረቀት ሲመጣ ፈርሞ ማሳለፍ የለመደ እጅ ነው ያለኝ። የብራውዘሩ ባለቤት ራሱ ይውጣልኝ ካለ የቡራዩ ጠጋኝ ከእሱ ትበልጣለች? ደግሞስ በየጠዋቱ መጨቅጨቁስ? ሰማያዊውን ተጫንኩ። ጥግ ላይ ያለችው ምልክት ጠፋች። ቪዲዮውን ከፍቼ ሞከርኩት፤ አምስት ደቂቃ ያህል አየሁ፣ ማስታወቂያ የለም። «አየሽ?» አልኩ ለብቻዬ፣ ቡራዩ ላለችው። ሦስት ታክሲ ተረፈኝ ብዬ እጄን አፋተግሁ።

የዚያኑ ቀን ከምሳ በኋላ ባለቤቴን አስቀመጥኳት፣ እርሻውን ከፈትኩላት፣ ጸጥ አለች። ከሰል ሻጩ ከነአህያው ደጃፍ ላይ ሲጣራ ወጣሁ። ይህ ሰውዬ በመጣ ቁጥር ሳልተርበው አላሳልፈውም።

«ኦቦ፣ ዛሬስ አይገዙም?»

«አህያህ ከታጠበች እገዛለሁ። ካንተ ጋር ከዋለች ጀምሮ ጠቆረች።»

«እሷማ ታጥባለች። የእርስዎን ምላስ ነው የሚያጥብ የጠፋው!»

ሁለታችንም ስንስቅ ከቤት ውስጥ ደማቅ ድምፅ መጣ። «ጤና ይስጥልኝ! የራስዎ ቤት እንዲኖርዎት ይፈልጋሉ?» ከዚያ የእሷ «ኖር!» ተሰማ። ሮጥኩ፤ የእኔ ሩጫ ሩጫ ከተባለ። የወንበሩን መንሸራተት ሰማሁ። ቀጥሎ የመጣውን ድምፅ ምን እንደሚመስል አልጽፈውም።

ከወንበሯ ሁለት እርምጃ ርቃ ወድቃለች፤ ወደ በሩ፣ እንግዳውን ልትቀበል። ስንበረከክባት ፊቷ ላይ ሕመም ሳይሆን ኀፍረት ነበር። «እንግዳው ቆሞ ቀረ። ወንበር ስጡት» አለችኝ በኦሮምኛ። ከኋላዬ ሰውየው ስለ ቅድመ ክፍያ ይናገር ነበር።

የዳሌዋ አጥንት ነበር። ሆስፒታሉ ቀዶ ሕክምናውን አትችለውም ብሎ መለሰን። ሱሉልታ ያገባች ልጅ አለችን፤ ወደ እሷ ቤት ወሰድናት። የሱሉልታ ብርድ በብርድ ልብስ የሚመለስ አይደለም፤ ልጄ አልጋዋን ፀሐይ የሚያየው መስኮት ሥር አደረገችላት። ሕመሙ ሲበረታባት «ያንን የእርሻ ነገር እናሰማት» አልኩ። ልጄ ስልኳን አውጥታ ምንና ምን ነካካች።

«በቃ፣ ወረደ» አለችኝ። «ስልኩ ውስጥ ገብቷል። ከእንግዲህ ኢንተርኔትም አይፈልግ፣ ማስታወቂያም አይገባበት። አባዬ፣ ይሄ እኮ የአምስት ደቂቃ ነገር ነው። ለምን አልነገርከኝም?»

ለማን ነግሬ! ለልጄ እንዳትጨነቅ ብዬ፣ ለጠጋኟ እንዳላፍር ብዬ። ለሁሉም ቀልድ ብቻ ነግሬ ኖርኩ።

«ማስታወቂያውስ እንዴት ገባ? ሆስፒታል ሳለን ቡራዩ አዘግቼዋለሁ አላልከኝም ነበር?»

ልጄ ዓይኗ ቀልቷል፤ ሦስት ቀን አልተኛችም። የእናቷን እግር እያሸች ነው የምትጠይቀኝ። ያንን ዓይን አይቼ ሰማያዊውን ቁልፍ መናገር አቃተኝ። «እንጃ» አልኩ። «የቡራዩዋ ልጅ የሠራችው ነገር ተበላሽቶ ይሆናል።»

አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ስትወጣ እንኳ ድምፅ አልነበራትም።

ባለቤቴ ስድስት ሣምንት ቆየች። በየቀኑ አባቷ ያርሱላታል፤ ከዚያ በኋላ አንድም ሰው አላቋረጣቸውም። ያረፈችው አንድ ረፋድ ላይ ነው። እጇን ይዤ ነበር። ገበሬው በሬዎቹን አዙሮ ወደ ወዲህ እየመጣ ሳለ እጇ ከበደኝ። ቪዲዮውን አላጠፋነውም፤ ማሳው አልቆ ራሱ ዝም አለ።

ሰበታ አምጥተን ቀበርናት። በድንኳኑ በሁለተኛው ቀን የቡራዩዋ ጠጋኝ ከእናቷ ጋር መጣች፤ ጥቁር ሻርፕ ለብሳ። ማን ነገራት ስል፣ ልጄ ለካ ቀደም ብላ ደውላላታለች። «በሥራሽ እናቴ ወደቀች» ብላታለች። ጠጋኟም ስለ ባለቤቴ መርሳት፣ ስለ መነሣቷ፣ ስለ ሁሉም መጀመሪያ የሰማችው በዚያ ስልክ ነው። አጠገቤ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።

«አባባ፣ ወላሂ አላወቅሁም» አለች። «እንዲህ መሆኑን ባውቅ ኖሮ ቤትዎ ድረስ መጥቼ እቀይረው ነበር። ብራውዘሩ እንደሚያቋርጥ እያወቅሁ በስልክ ብቻ ነገርኩዎት። ይቅር በሉኝ።»

ሰው ሁሉ ያየኛል። ልጄ ታየኛለች። እንባዬ ይወርዳል፤ ያ እንባ እውነተኛ ነበር፣ እሱን ማንም አይወስድብኝም። አፌን ከፈትኩ።

«እግዜር ይቅር ይበልሽ፣ ልጄ» አልኳት።

እጄን ሳመችኝ። የእድራችን ዳኛ ከወዲያ ሆነው «እንዲህ ነው ሽማግሌ! ልበ ሰፊ!» አሉ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም በራሴ ጥፋት ሰው ይቅር ብዬ፣ ተመስግኜ፣ ንፍሮ ቀረበልኝ፣ በላሁ።

ልጄ ይህን ካነበበች እነሆ አወቀች። ፊት ለፊት ከመንገር ለሕዝብ መጻፍ ቀለለኝ፤ ከዚህ የባሰ ፈሪ የት ይገኛል? ቡራዩ ያለችው ግን መጽሐፍ የማንበብ ጊዜ የላትም፤ ራሴ ሄጄ ልነግራት ይገባል። ሄጃለሁም። ከሐዘኑ ወዲህ አራት ጊዜ ሄጃለሁ።

መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ሱቁ ሰው ሞልቶበት ነበር፤ የቻርጀር ገመድ ገዝቼ ተመለስኩ። ሁለተኛው ቀን ሶላት ልትሰግድ እየተነሣች ነበር፤ ገመድ ገዛሁ። በሦስተኛው ቀን ብቻዋን አገኘኋት፤ ጉሮሮዬን ጠረግሁ፤ እሷ ቀድማ «ልጅዎት እንዴት ናት? አሁንም ተቀይማኛለች?» አለችኝ። ገመድ ገዛሁ።

ያለፈው ማክሰኞ አራተኛው ነበር። ወንበር ሰጠችኝ፣ ሻይ አዘዘችልኝ።

«አባባ፣ ላፕቶፑን ለምን አያመጡልኝም? አሁን ማስታወቂያው እንዳሻው እየገባብዎት ነው አይደል? አዲሱን ብራውዘር ልጫንልዎት። በነፃ ነው፤ የእኔ ግዴታ ነው።»

«የአንቺ ግዴታ አይደለም» አልኳት።

«እንዴት አይደለም?»

እዚህ ድረስ ደርሼ ነበር። በሩ ክፍት ነበር፤ መግባት ብቻ ነበር የቀረኝ። እሷም መፍቻዋን አስቀምጣ ፊቴን ታየኛለች። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል፤ ከድንኳኑ ቀን ወዲህ እንደዚያው ነው።

«ሌላ የሚፈልጉት ነገር አለ አባባ?» አለች።

«አለ» አልኩ።

ጠበቀችኝ።

«የቻርጀር ገመድ» አልኩ። «ረዘም ያለውን።»

ሳቀች፤ «ገመዱን ይበሉታል እንዴ?» አለች። ጠቅልላ ሰጠችኝ። አራት ገመድ አለኝ፣ አንድ ላፕቶፕ። ቁልፉን የተጫንኩት እኔ ነኝ የምትለዋ ቃል ግን ሦስት ታክሲ ይዛ ትሄድና ገመድ ሆና ትመለሳለች። የዚያችን ቃል ዕዳ እስከ ዛሬ አልከፈልኳትም።